የቦራ ክስ

ዋና ሳጅን ሥርጉት አድማሴ በፖሊስነት ዘመኗ ሰው የገደለ ሰው እንጂ ሰው የገደለ በሬ መርምሪ ተብላ አታውቅም። በ1993 ዓ.ም. ሰኔ፣ አንድ ቅዳሜ ማለዳ ግን ከፍኖተ ሰላም ተነሥታ፣ ጅጋ ላይ ከመኪና ወርዳ፣ ጭቃው ጫማዋን እየነጠቃት ዝግባ ሜዳ ከምትባለው መንደር ስትደርስ የጠበቃት ተከሳሽ ባለ አራት እግር ነበር።

ስሙ ቦራ ነው፤ ግንባሩ ላይ ባለው ነጭ ምልክት የወጣለት ስም ነው። ጌታው ክንዱ ዓርብ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ከእርሻ አስገብቶት እዚያው በረት ውስጥ ወድቆ ቀረ። ሚስቱ እናኑ ከወፍጮ ስትመለስ ባሏን ከበሬው እግር ሥር አገኘችው። በሬው ይጓራል፣ ቀኝ ጎኑን ከምሰሶው ጋር ይፈትጋል፣ አፈር ይቆፍራል። ሲነጋ መንደሩ ሁሉ አንድ ቃል ይዞ ተነሣ፦ የእብድ ላም በሽታ። በዚያ ዓመት ሬዲዮኑ ስለ ፈረንጅ አገር ያበዱ ላሞች አዘውትሮ ያወራ ስለነበር ቃሉ ከአፍ ወደ አፍ ለመዞር ጊዜ አልፈጀበትም።

በበረቱ መግቢያ እናኑ ቆማለች። ነጠላዋን ለሐዘን አዘቅዝቃለች፤ በእጇ ግን መጥረቢያ ይዛለች።

«ልትገድሉት ከሆነ አመጣጣችሁ መጀመሪያ እኔን ጣሉኝ» አለች። «ባሌን አጣሁ፤ በሬዬን አልሰጥም!»

«የመጣሁት ላየው ነው። ባየው ምኑ ይጎድላል?»

«እርስዎስ አዛዥ አለብዎት። ግደዪ ካሉዎት ይገድላሉ።»

«ግደዪማ ብለውኛል። እኔ ግን ላየው መጣሁ።»

መጥረቢያው ዝቅ አለ፤ መሬት ግን አልነካም።

ሥርጉት የገበሬ ልጅ ናትና መጥረቢያው ለምን እንደተያዘ ገብቷታል። ክንዱ ከአዴት በኩል በጋብቻ የመጣ ታታሪ ሰው ነበር፤ ሆኖም ያላቸው አንድ በሬ ብቻ ነው። ከጎረቤታቸው ከወንዳወቅ በሬ ጋር በመቀናጆ ጠምደው፣ አንድ ቀን ለዚህ አንድ ቀን ለዚያ ያርሱ ነበር። በሬ የሌላት መበለት መሬቷን ለእኩል አራሽ ትሰጥና በገዛ አውድማዋ ዳር ቆማ የሚሰፈርላትን ትጠብቃለች። ቦራ ከተገደለ እናኑም አበቃላት።

«ፖሊስ ሳያየው አይነሣም» ብላ አስከሬኑን ያስቀረችው ራሷ እናኑ ናት። ሥርጉት ጋቢውን ገለጠች። ደረቱ ላይ የኮቴ ምልክት አለ፣ የጎድን አጥንቱም ተሰብሯል፤ ከዚያ በኩል ግን ደም አልወጣም፣ ቆዳውም አልበለዘም። ደም ያለው ከኋላ፣ ማጅራቱ ላይ ነው። ቁስሉ ክብ ነው፤ ጎድጎድ ብሏል። ዞር ብላ ቦራን አየችው። ቀንዶቹ ንጹሕ ናቸው። ቀኝ ጎኑ ግን ጠጉሩ ረግፎ፣ ቆዳው ቀልቶ ያሳዝናል።

«ይህ ቁስል መቼ ጀመረው?»

«ትላንት ጠዋት ለእርሻ ሲወጣ ጎኑ ሐር ነበር፣ በመድኃኔ ዓለም!»

ይህን ጊዜ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር እንዳለው ደረሰ። ደመናው ከጣሪያዎቹ በላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ጥቁር የፀሐይ መነጽር አድርጓል። ሥርጉት የሹመት ነገር ነው ብላ አለፈችው። በእጁ የያዘው ዱላ ልጡ ገና የተላጠ፣ ነጭ፣ እርጥብ ነው። ይህን ግን አላለፈችውም፤ ለጎጃም ሰው ዱላ ቅቤ እያጠጣ፣ ጭስ እያለበሰ ለዓመታት የሚያሳምረው ሀብቱ ነው።

«ሳጅን፣ ጊዜ አናጥፋ» አለ እንዳለው። «በሽታውን እኔም የከብት ከታቢው ይታገሱም ፍኖተ ሰላም ድረስ ሄደን ሠልጥነንበታል። ጎኑን ሲፍቅ፣ ጠጉሩ ሲረግፍ አያዩም? ይኸው ነው ምልክቱ። ይገደልና ይቃጠል፤ አለዚያ የሀገሩ ከብት ሁሉ ያልቃል!»

«አንቱ ሊቀመንበር» አለች እናኑ፣ «በሬዬን ለማቃጠል እንዲህ የተጣደፉ፣ ለባሌ ቀብር አንድ ሰው እንኳ አልላኩልኝም።»

እንዳለው ጀርባውን ሰጥቷት ሄደ።

ሥርጉት ጅጋ ወርዳ ለአለቃዋ ለኢንስፔክተር ወልደ ዮሐንስ ስልክ ደወለች። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ነገር ሲበዛበት ግን ሆዱን ያመዋል።

«ወሬው ቡሬ ገበያ ከደረሰ ከብት የሚገዛ አይገኝም» አላት። «በሬውን አስገድለሽ ነይ ብያለሁ!»

«ማጅራቱን የተመታ ሰው ነው፣ ጌታዬ። በሬ ከኋላ መጥቶ ማጅራት ሲመታ አይቼ አላውቅም።»

«እስከ ሣልስቱ እጠብቅሻለሁ። ሰኞ ጠብመንጃ የያዘ ሰው አስከትዬ እመጣለሁ።»

«ይምጡ» አለችና ስልኩን ዘጋች።

ክንዱን የጤና ጣቢያ ሐኪም አይቶት ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ተቀበረ። ሕዝቡ ከቀብር ሲመለስ ሥርጉት ከፍኖተ ሰላም ያስጠራችው የእንስሳት ሐኪም፣ ዶክተር ሃይለ ሚካኤል፣ ከበረቱ ደረሰ። ሥልጠናውን የሰጠው እሱ ራሱ ነው። ወደ በሬው ጀርባ ዞሮ ሳይታሰብ እጆቹን አጨበጨበ። ቦራ ጆሮውን ብቻ አንቀሳቀሰ። ዶክተሩ ዳሌውን ነካው፣ ገፋው፣ ወደፊት አስኬደው፤ በሬው አልተርገፈገፈም፣ የኋላ እግሩም አልከዳውም።

«በሽታው በአገራችን ታይቶ እኔ አልሰማሁም» አለ ዶክተሩ። «ቢኖርም እንዲህ አያደርገውም። ይኸውልሽ ሳጅን፣ የበጉም የላሟም በሽታ ዘመዳሞች ናቸው፤ ሁለቱንም የሚያመጣቸው ፕሪዮን የሚሉት ጠባዩ የተበላሸ ፕሮቲን ነው፤ አንጎል ውስጥ ገብቶ ጤነኛውንም ያበላሻል። ምልክታቸው ግን ይለያያል። ስክራፒ የሚሉት የበጉ በሽታ ያሳክከዋል፤ ጠጉሩ እስኪያልቅ ከግንድ ጋር ይፈተጋል፣ ወገቡን ብታኪለት ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ያበደች ላም ግን ዋና ጠባይዋ ፍርሃት ነው። ድምፅ ያስበረግጋታል፣ ሲነኳት ትንቀጠቀጣለች፣ ሲያልቧት ትራገጣለች፣ አረማመዷ ይበላሻል። በሽታው ደግሞ ለዓመታት ተደብቆ ቆይቶ ቀስ በቀስ ነው የሚጥለው እንጂ ባንድ ማታ አይመጣም። አንዴ ከጀመረም አይመለስም።»

«እርግጠኛ ነህ?»

ዶክተሩ አቀረቀረ። «ፈጽሞ እርግጠኛ ለመሆን አንጎሉ ተወስዶ መታየት አለበት።»

«በሕይወት እያለ?»

«አይቻልም።»

እናኑ ከምሰሶው ሥር ብድግ አለች። «ይህ ደግሞ ምን ዓይነት ፍርድ ነው? ንጹሕ መሆኑን ለማወቅ ትገድሉትና፣ ከዚያ ‘ንጹሕ ነበር’ ብላችሁ ሬሳውን ትሰጡኛላችሁ?»

ሥርጉት ተናደደች፤ በሴትዮዋ ሳይሆን በነገሩ።

«እንግዲያው አንጎሉን ሳንከፍት እንፈርዳለን» አለች። «ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነው።»

ቀርባ የበሬውን ጎን መረመረች። በጭቃው መሐል፣ የቀረው ጠጉር ሥር፣ ነጣ ያለ ሙጫ ደርቋል። በመሐረቧ እርጥብ ጫፍ ፈትጋ አነሣችውና፣ ዶክተሩ «ተይ!» ሳይላት የገዛ እጇን አንጓ ቀባችው። ጥቂት ቆይቶ አንጓዋ እንደ ሳማ ይለበልባት ጀመር።

«ቁልቋል» አለች ጥርሷን ነክሳ። «ይህ የቁልቋል ወተት ነው።»

ዶክተሩ በሬውን በሳሙና አጥቦ፣ አድርቆ፣ ቅቤ ቀባው። ሥርጉት ከበረቱ ጀርባ ወዳለው የቁልቋል አጥር ዞረች። አንድ ቅርንጫፍ ተሰብሯል፤ በማጭድ የተቆረጠ ሳይሆን በዱላ ተመትቶ የተጎመደ ነው፤ ወተቱ ወርዶ ደርቋል። የቁልቋል አጥር ውስጥ እጁን የሚያስገባ ጤነኛ ሰው የለም። ሥርጉት ግን የዝናብ ካፖርቷን እጅጌ እስከ ጣቷ ጎትታ እጇን ሰደደች። ስትመለስ ከካፖርቷ ሥር አንድ ረጅም ነገር ደብቃ ነበር፤ ምን እንደሆነ ለዶክተሩም አላሳየችውም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወንዳወቅን አነጋገረችው። ዓይኖቹ በልቅሶ አብጠዋል፣ ሁለቱም።

«ከክንዱ ጋር ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

«ተጣልተናል እንጂ! የእኔን ተራ ወስዶ አርሶበታል። መቀናጆ ያለ ጠብ አይሆንም፣ ሳጅን።»

«ሥልጠናው ላይ ነበርክ?»

«እኔን ማን ይጠራኛል? አሁን ይኸው በሬዬ ብቻውን ቆሟል። በአንድ በሬ የሚታረስ መሬት የት አለ? ቦራ ከሞተ ዘንድሮ እኔም ጦሜን አዳሪ ነኝ።»

ቀጥላ የመንደሩን ከብት የሚከትበውን ይታገሱን ጠራችው። መርፌና መድኃኒት የሚይዝ፣ ቀጭን፣ ድንጉጥ ሰው ነው። ቀና ብሎ ለማየት ቢፈራም ዓይኖቹ ጤነኛ ናቸው።

«ክንዱ ጥጃዬ በአንተ መርፌ ሞተ ብሎ ከሶህ ነበር?»

«ከሶኝ ነበር። ስለዚህ ነው ዝም ያልኩት፤ አፌን ብከፍት ‘አንተ ነህ’ ይሉኛል።»

«ብትከፍተው ምን ትል ነበር?»

«ላም አትፈተግም እል ነበር» አለ ይታገሱ በሹክሹክታ። «ዶክተር በመጀመሪያው ቀን የበጉን፣ በማግሥቱ የላሟን አስተማረን። ላም እንደማትፈተግ በሁለተኛው ቀን ነው ደጋግሞ የነገረን።»

«ከዝግባ ሜዳ የሄዳችሁት ሁለታችሁ ብቻ ናችሁ?»

«አዎን። ሁለተኛውን ቀን ግን እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ሊቀመንበሩ ለስብሰባ ቡሬ ተጠሩ።»

ሥርጉት አመስግና አሰናበተችው። ከዚያ ወደ እናኑ ሄዳ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች። «ክንዱ ከሊቀመንበሩ ጋር ምን ጉዳይ ነበረው?»

«ማክሰኞ ፍኖተ ሰላም ችሎት ሊቆም ነበር። የጨፌው ጉዳይ ነዋ» አለች እናኑ። ጨፌው የመንደሩ ከብት ሁሉ የሚግጥበት ረግረግ መስክ ነው። እንዳለው በዳር በዳሩ ባሕር ዛፍ እየተከለ፣ ድንበሩን በየክረምቱ እየገፋ፣ የኔ ነው ማለት ከጀመረ ሰንብቷል። ተው የሚለው ጠፍቶ ሳለ ክንዱ ብቻ ደረቱን ነፍቶ እመሰክራለሁ አለ።

ሰኞ ሣልስቱ ነው። ለቀስተኛው ዳሱ ሥር ተሰበሰበ። ኢንስፔክተር ወልደ ዮሐንስም በቃሉ መሠረት ጠብመንጃ የያዘ ፖሊስ አስከትሎ መጣ። ሊቀመንበሩ ከፊት፣ ከሽማግሌዎቹ ጎን፣ መነጽሩን እንዳደረገ ተቀምጧል። ፖሊሱ ወደ በረቱ ሲያመራ እናኑ ተነሥታ መንገዱን ዘጋችው።

«አንድ ጊዜ» አለች ሥርጉት። «ከመተኮስዎ በፊት ተከሳሹ ይቅረብ።»

ወንዳወቅ ቦራን እየሳበ አመጣው። በሬው ያንን ሁሉ ሰው አየት አድርጎ ማመንዠኩን ቀጠለ። ጎኑ ጠግጓል፤ ወደ ምሰሶም ወደ ግንድም አልተጠጋም።

«ዶክተር፣ ያ በሽታ የያዘው ከብት ታጥቦ ይድናል?»

«በፍጹም።»

«እንግዲህ ስሙኝ» አለች ሥርጉት። «ክንዱን በሬ አልገደለውም። በሬው ሲረግጠው ሞቶ ነበር፤ ሕያው ሰው ሲረገጥ ይበልዛል፣ የክንዱ ደረት ግን አልበለዘም። የገደለው ማጅራቱ ላይ ያረፈው ምት ነው። ገዳዩ ከዚያ የቁልቋል ወተት በሬው ጎን ላይ ቀባ። በሬው ተቃጠለ፣ ተንዘፈዘፈ፣ ጌታውን ረገጠ፣ ጎኑን ላጠ። በቁልቋል ነው እንጂ በበሽታ አይደለም ያበደው።»

ዳሱ ተንጫጫ። ኢንስፔክተሩ በእጁ ጸጥ አሰኘ።

«ማነው የቀባው?» አለች ሥርጉት። «ወንዳወቅን ጠርጥሬው ነበር። ነገር ግን የቦራ ሞት የራሱን እርሻ ይገድልበታል፤ መቀናጆ ያለው ሰው የባልንጀራውን በሬ አያሳብድም። ይታገሱንም ጠርጥሬዋለሁ። እሱ ግን ትምህርቱን ጨርሶ ነው የመጣው። ላም የምትንቀጠቀጥ እንጂ የምትፈተግ አለመሆኗን ያውቃል፤ ቢፈልግ በሬውን በመርፌው ያንቀጠቅጠው ነበር። ይህን ያደረገው ትምህርቱን ግማሽ የሰማ ሰው ነው። የበጉን ቀን ተቀምጦ፣ የላሟን ቀን ትቶ የሄደ። ስለዚህ ቦራን የበግ በሽታ አስያዘው!»

ሰው ሁሉ ወደ እንዳለው ዞረ።

«ይህ የወሬ ክምር ነው» አለ እንዳለው ሳይነሣ። «መንደሩ ሁሉ ይፈተጋል ሲል ነበር።»

«መንደሩ ያለው በማግሥቱ ነው። በሬው የተቀባው ግን ዋዜማውን ነው።» ሥርጉት ከካፖርቷ ሥር ጥቁር፣ በቅቤና በጭስ የወዛ ሽመል አወጣች። ጫፉ ላይ የብረት ቀለበት አለው፤ ቀለበቱ ላይ የደረቀ ደምና የነጣ ሙጫ ተጣብቋል። «ከቁልቋሉ ውስጥ ነው ያወጣሁት። የክንዱ ቁስልም የዚህ ቀለበት ልክ ነው። የማነው?»

መንደሩ ዱላውን ከነባለቤቱ ያውቀዋል። አንዱ ሽማግሌ ቀስ ብሎ ከእንዳለው ጎን ተነሥቶ ሌላ ቦታ ተቀመጠ።

«ዱላ ይሰረቃል!» አለ እንዳለው።

«ይሰረቃል። ዓይን ግን አይሰረቅም። መነጽርዎን ያውልቁልኝ።»

«አላወልቅም! ሐዘንተኛ ነኝ፣ በልቅሶ ዓይኔ ቀልቶ ነው።»

«ያውልቁ» አለ ኢንስፔክተር ወልደ ዮሐንስ። ይህን ያለበት ድምፅ ሆዱን የሚያመው ሰው ድምፅ አልነበረም።

መነጽሩ ወለቀ። ግራ ዓይኑ እንደማንኛችንም ዓይን ነው። ቀኙ ግን አብጦ፣ ተላጦ፣ ሊከፈት አልቻለም።

«ልቅሶ ሁለቱንም ዓይን ያቀላል» አለች ሥርጉት። «ወተቱን ሲቀቡት ቦራ በጭራው ፊትዎን ገርፎዎታል። ክሱ ሳይሰማ ተከሳሹ ምስክርነቱን ሰጥቷል።»

እንዳለው ዘሎ ተነሣ። «ለአንድ የሣር ቦታ! የከብት መዋያ ለሆነ ረግረግ! እኔ ለመንደሩ ስንት የለፋሁ ሰው…»

«በሬ ሆይ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ይባላል» አለች ሥርጉት። «ቦራ ግን ንጹሕ ነው፤ ተረቱ የርስዎ ነው።»

ፖሊሱ ጠብመንጃውን ትከሻው ላይ አንግቦ የእንዳለውን እጆች አሰረ። ኢንስፔክተሩ ወደ ሥርጉት ጠጋ ብሎ፣ «በሬውን አስገድዪ ብዬሽ ነበር» አላት።

«አላስገደልኩትም፣ ጌታዬ።»

«ደግ አደረግሽ» አለ፣ በግድ።

እንዳለው ከዳሱ ሲወጣ ዘወር ብሎ በደህና ዓይኑ እናኑን አያት። «ብታስሩኝም ጨፌው የኔ ነው» አለ። «የቀድሞውን ድንበር የሚያውቅ ክንዱ ብቻ ነበር። ነገ ችሎቱ ምስክር የለውም።»

እናኑ ሥርጉትን አልፋ ፊቱ ቆመች። እስከዚያች ሰዓት አንቱ ስትለው የኖረችውን ሰው ቀና ብላ አየችው።

«አንተ!» አለችው። «ግማሽ ከመስማት አልዳንክም። ክንዱ ከአዴት ነው የመጣው፤ የጨፌውን ድንበር በምን ያውቀዋል? እዚህ የተወለድኩት፣ ከአባቴ ጋር ከብት እየጠበቅሁ ድንጋዩን አንድ በአንድ የማውቀው እኔ ነኝ። ለሱ ያሳየሁትም እኔው ነኝ። ሴት ችሎት ወጥታ ስትሟገት ደስ አይልም ብሎ ነው ልሂድልሽ ያለኝ። ባሌን በከንቱ ገደልክ። ምስክሯ እኔ ነኝ፤ ነገ እቆማለሁ!»

ፖሊሱ እንዳለውን ይዞ በጭቃው መንገድ ወሰደው።

እናኑ የቦራን ገመድ ከወንዳወቅ እጅ ተቀብላ ለቀስተኛውን ሳትሰናበት ወደ ጨፌው ወረደች። ሥርጉት ከኋላዋ ተከተለቻት፤ ልታግዛት አስባ ነበር፣ ሴትዮዋ ግን አጋዥ የምትፈልግ አትመስልም። በሬውን ሣሩ ላይ ለቀቀችው። ከዚያ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አሰረችና የእንዳለውን የባሕር ዛፍ ችግኞች አንድ በአንድ እየነቀለች ከመንገዱ ላይ ትጥላቸው ጀመር። እንባዋ ይወርዳል፤ እጇ ግን አላረፈም። ቦራ ከጎኗ ይግጥ ነበር።